አውፍታ ያልተጠየቁት

ስሟን የማልጠራት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች፤ የልጅ ልጆቿ ዛሬም አሉና ላሳፍራቸው አልሻም። በዚያች ከተማ ሸህ ጀውሀር የሚባሉ፣ ቆዳ አልፍተው የሚሸጡ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። መሐላ እንደ ውሃ በሚፈስበት ገበያ እሳቸው ሲምሉ የሰማ ሰው የለም። ለሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ይከፍላሉ፤ ቆዳው ነውር ካለበት ነውሩን ራሳቸው ለገዢው ያሳያሉ። ቆዳ በኖራ የሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ ሽታ ምን እንደሆነ የቀረበው ያውቀዋል። ስለዚህ ጎረቤት እንዳይቸገር ብለው ጉድጓዶቻቸውን ከከተማው በታች፣ ወንዙ ከተማዋን ለቆ ከሚወጣበት ጥግ አስቆፈሩ። ቃዲው ይህን በጁምዓው ስብከት፣ በኹጥባው ላይ አንስተው አመሰገኗቸው።

በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ለሐጅ ነየቱ፤ ሊሄዱ ቆረጡ። በዚያ አገር ለሐጅ የነየተ ሰው ከመነሳቱ በፊት እሱ ላይ ሐቅ፣ ማለትም የሚጠይቁት መብት ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ግቢው ይጠራል። እንግዶቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ መሬት ላይ ይቀመጥና አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። ምክንያቱም የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ ካዕባን መቶ ጊዜ መዞር አያነሳውም። መልካም ልማድ ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሰው የሚጠራው የሚያውቀውን ነው።

ሸህ ጀውሀር ማንንም አላስቀሩም። ሸሪካቸው ሙርሰል መጣ፤ ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ኖራ ተሸካሚዎቹ፣ ከብት አራጆቹ፣ ጫማና ኮርቻ ሰፊዎቹ መጡ። ኖራ የሚያመላልሱት አህያ ነጂዎች እንኳ አልቀሩም። ሁሉም በተራው «አውፍ ብያለሁ» አለ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። ሰዉ ለዱዓ እጁን ሲያነሳ ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረች አንዲት ሴት ወደ ፊት መጣች። ዙበይዳ ትባላለች፤ በከተማው የሚያውቃት አልነበረም።

«እናቴ ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም» አሉ ሸሁ። «ቆዳ ሸጠውልኝ ነበር?»

«አልሸጥኩልዎትም።»

«ከሠራተኞቼ ወገን ነዎት?»

«አይደለሁም። ከወንዙ በታች ነው ቤቴ። ሐቅ ያለው ይምጣ ተባለ ሲሉ ሰማሁና መጣሁ። ኖራውን ወደ ወንዙ በምትለቁበት ሳምንት ውሃችን ይነጣል። ልጆቻችን የሚታመሙት ያን ሳምንት ነው። መጀመሪያ የሞቱት ጥጆቹ ነበሩ፤ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብለን ዝም አልን። እኔ ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ።»

ሙርሰል ጉሮሮውን ጠረገና «እህቴ፣ አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፤ ግን እኛና አንቺ ምንም ጉዳይ የለንም። ከእኛ ጋር አልተገበያየሽም። ወንዙ ደግሞ የአላህ ነው» አለ።

«ወንዙስ የአላህ ነው» አለች ዙበይዳ። «ኖራው ግን የእናንተ ነው።»

ሸህ ጀውሀር ከተቀመጡበት አልተነሱም። ዓይኗን ትኩር ብለው አዩና «እርስዎን ያየሁዎት ይመስለኛል» አሉ በዝግታ።

«አይተውኛል፤ ሁለት ጊዜ። ደግ ሰው ናቸው፣ ዱዓቸው ይሰማል ብለውኝ የታመሙ ልጆቼን አዝዬ እዚሁ ደጅ መጥቻለሁ። ቁርአን ቀሩላቸው። ማርም ሰጡኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሶብር አድርጊ አሉኝ፤ አደረግሁ።»

እኚያ ደግ ሰው በአንድ እጃቸው የሚያሳምሙትን ልጅ በሌላው እጃቸው ራሱን እየዳበሱ ቀርተውለታል። አላወቁም ነበር፤ ጠይቀውም አያውቁም።

«አውፍ ይበሉኝ» አሏት፤ ግንባራቸው መሬት ሊነካ ትንሽ ቀረው።

ዙበይዳም «የራሴን አውፍ ብያለሁ፤ እንቅልፍ ያጣሁበትንም፣ ያለቀስኩበትንም» አለች። «የልጆቼን ግን እኔ ልማርልዎት አልችልም። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው።»

በማግስቱ ሸሁ ተከትለዋት ወረዱ። ከጉድጓዶቻቸው እስከ መንደሯ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ጉድጓዶቹ በቆዩበት ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሄደውት አያውቁም። መቃብሩን አሳየቻቸው። አብዛኛው አጭር አጭር ነበር። መቁጠር ጀምረው ተዉት።

በዚያው ሳምንት ጉድጓዶቹን አስደፈኑ። ያኔ ደግሞ ፋቂዎቹና ተሸካሚዎቹ ሚስቶቻቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ እኛስ ምን እንብላ፣ የእኛስ ሐቅ የት ገባ አሏቸው። እውነታቸውን ነው። ሸሁም እስኪያልቅ ድረስ ከጎተራቸው እህል ሰፈሩላቸው። ሙርሰል ግን መፍትሔ አላጣም። ኮረብታውን ተሻግሮ በሌላ ወንዝ ዳር አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረና ሠራተኞቹን ሁሉ ወሰደ። ከዚያኛው ወንዝ በታች ማን እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም። ሸሁ ሄደው ለመኑት፤ «የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሐቅ እየቆጠርኩ እንዴት እነግዳለሁ?» አላቸው። ከተማውም ከሙርሰል ጋር ተስማማ፤ ጫማ ያስፈልገዋልና።

ለሐጅ የያዙትን ስንቅ በዙበይዳ መንደር ንጹሕ ውሃ ማስቆፈሪያ አደረጉት። ውሃው በስድስተኛው ወር ወጣ። ያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ የቀሩት ዘጠኝ ቤቶች ነበሩ፤ ሌላው ተሰዷል ወይም አፈር ለብሷል። ሐጅ ሳይሄዱ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም የሞት አልጋ ላይ ተኙ። ኢማሙ ሊያጽናኗቸው መጥተው «ሸህ፣ አይፍሩ። የኸይር ሥራዎ ብዙ ነው፤ ያስቆፈሩት ውሃ እንኳ ይበቃዎታል» አሏቸው።

ሸህ ጀውሀር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃው በሕይወት ለቆሙት ነው። በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን የሚጠብቁኝ ሕፃናት ናቸው። ነጋዴ ነበርኩ፣ አላየኋችሁም ብል ምን ይገባቸዋል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ከሸሃዳ፣ ከእምነት ምስክርነቱ በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ወገኖቼ፣ እኔ ለዚህ ታሪክ የሚያጽናና መጨረሻ ልፈልግለት ሞክሬ አላገኘሁም። እኚህ ሰው ሌባ አልነበሩም፤ ሚዛን አላጎደሉም፣ ከሐራም ርቀዋል። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ባለሐቅ ማለት እጁ እጄን የነካ ሰው ነው ብለው አሰቡ። እኛስ? ሸሪኩን፣ ደንበኛውን፣ ሠራተኛውን ቆጥረን ስናበቃ ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለናል። ያልሸጠልንና ከእኛ ያልገዛ፣ ነገር ግን ጭሳችንን የሚተነፍስ፣ እጣቢያችንን የሚጠጣ ሰው በየትኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያውቃል?

ሌላውን ልወቅስ አልተነሳሁም። ባለፈው ዓመት አንድ ደግ ነጋዴ ፋብሪካ ሲያስመርቅ ዱዓ እንዳደርግ ጠራኝ። ግቢው ሰፊ ነበር፤ ምሳውም ጥሩ ነበር። ከአጥሩ ሥር አንድ ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። አየሁት። ወዴት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ እጄን አንስቼ አላህ በረካ እንዲያደርግለት ለመንኩ፤ ሕዝቡም አሚን አለ።