ስድስት መቶ ገጽ ለሕፃናት

ከንቲባ ድልነሳው የገዛ ታሪካቸውን በስድስት መቶ ገጽ ጻፉና «ለሕፃናት ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም!» አሉ። ወዲያው መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄደው የጦጣና የጅብ ተረቶቹን ልጅ የማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ አሰቀሉ፤ የራሳቸውን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ከታች አስደረደሩ።

በዓመቱ እንግዶች አስከትለው ሲመለሱ የመጽሐፋቸው ሽፋን ተልጦ፣ ጠርዙ አልቆ አገኙትና ፊታቸው በራ።

«በይ፣ መጽሐፌ ልጆቹን ምን እንደጠቀማቸው ለእንግዶቼ ንገሪ! ከዋሸሽ ግን ከሥራሽ ትባረሪያለሽ» አሏት ሞግዚቷን።

ሞግዚቷ ዓመት ሙሉ ሳቋን አፍና ይህችን ቀን ስትጠብቅ ነበር። እጅ ነሳች።

«ኧረ ክቡር ከንቲባ፣ ልጆቹ ያለ እርስዎ መጽሐፍ አንድ ቀንም አይውሉም! ሦስቱን ደራርበው ይቆሙበትና የጦጣዋን ተረት ያወርዳሉ። ብቻ ትንንሾቹ ገና አልደረሱም፤ እባክዎ ሁለተኛውን ቅጽ ቶሎ ይጻፉልን።»