የአህያዋ የመስኮት በሶብላ

አንድ ጊዜ፣ ያውም ክረምቱ ደጋውን ባጨቀየበት ሰሞን፣ በየጓሮው ያለው በሶብላ በስብሶ አለቀ። አንበሳ ደግሞ በሶብላ የሌለበት ወጥ አፉ አያስገባም። ቢቸግረው አዋጅ አስነገረ፤ ለእንቁጣጣሽ ግብር ትኩስ በሶብላ ያመጣ በእሱ ጥበቃ ሥር ይኖራል፣ ማንም ጥርሱን አያሳርፍበትም።

አህያ እኔ አመጣለሁ አለች። ምን ታድርግ፣ ቤቷ ከጅብ ጉድጓድ ፊት ለፊት ነው። አንበሳም እስከ በዓሉ እንዳይነካት ጅብን አስጠነቀቀው፤ ባዶዋን ከመጣች ግን ያንተ ናት አለው።

አህያ ደደብ ናት የሚሉ ሰዎች እስቲ መጥተው ሥራዋን ይዩ። የተጣለ ድስት ለቅማ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ቂጡን በስታ፣ አፈርና ፍግ ቀላቅላ፣ የበሶብላውን ዘር እቤቷ ውስጥ መስኮቱ ሥር አበቀለችው። ተክሉ ወደ ብርሃኑ ሲያጋድል ድስቱን ታዞረዋለች። ብርዱ ሲመጣ መስኮቱን ትዘጋለች። አፈሩን በከንፈሯ ነካ አድርጋ፣ ሲደርቅ ብቻ ታጠጣዋለች። ቅጠሉንማ ሳስታለት አንዲት አልቀጠፈችም።

ጅብ በመስኮቱ እያየ ምራቁን ይውጣል፤ በሶብላው አምሮት እንዳይመስላችሁ። ቀበሮ ዘንድ ሄዶ አማከራት። እሷም ተክሉን ካጠፋው አህያዋ የእሱ እንደምትሆን፣ ለምክሯ ግን የአህያዋን ጉበት እንዲተውላት ነገረችው።

«ገብተህ ግደለው፣ አያ ጅቦ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ይሄም ይጠየቃል? ስትገድል አይደል የኖርከው።»

አህያዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ገባ። ይሄ ሆዳም ዕድሜውን የገደለው አንገት ያለውን ብቻ ነው። የእያንዳንዱን በሶብላ ጫፍ እንደ አንገት በጥርሱ ቀጨም ቀጨም አድርጎ ቆርጦ፣ ሞቷል ብሎ ወጣ።

አህያ ተመልሳ ስታይ ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። ግን አልተወችውም። ድስቱን ማዞሯን፣ ማጠጣቷን ቀጠለች። ሰንብቶ ከተነከሰው ሁሉ ሥር ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ብቅ አለ፣ ድስቱም በቅጠል ታፈነ።

የበዓሉ ዕለት ጅብ ጥርሱን ስሎ ከአንበሳ በር ላይ ቆመ። አህያ ድስቱን በጀርባዋ ጭና ስትገባ ግቢው በበሶብላው ሽታ ታወደ።

«ይሄማ ሞቷል!» አለ ጅብ። «እኔ ራሴ ነኝ አንገቱን የነከስኩት፤ ያው ቀበሮን ጠይቋት።»

ቀበሮ ቀድማ ውልቅ ብላለች።

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። ለካ ጫፉ ሲቆረጥ ጎኑን ያበዛል። እኔ ሳስቼለት እንጂ ቀድሜ በቆረጥኩት ነበር።»

አንበሳ እስኪያነባ ሳቀ። ጅብን ከነጉድጓዱ ከሰፈሩ አስነቅሎ አባረረው፤ አህያዋንም ብርሃን ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ከቤቱ አስገባት።

ከዚህ የምንማረው፣ ምቀኛ የልፋታችንን ጫፍ ቢቆርጥብን እንኳ እጃችንን አጣጥፈን ካልተውነው ከተቆረጠው ሥር የበለጠ ሊያድግልን እንደሚችል ነው።