የአንሙት ወርቃማ ጎማ

በእኛ ከተማ፣ በዳንግላ፣ አንዲት አባባል አለች። ተማሪ ለፈተና አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ እስክሪብቶውን ቤት ከረሳ፣ ሰው የቤቱን ግድግዳ አስውቦ ጣሪያው ካፈሰሰበት፣ ያቺኑ ይወረውሩበታል። አሁን አሁን ባሕር ዳርም ገብታለች፤ እንዲያውም አንዱ የባሕር ዳር ሰው «የእኛው ናት» ብሎ ሞግቶኛል። ውሸቱን ነው። የተወለደችው እዚሁ ነው፣ በጥር፣ በአንሙት ሠርግ ቀን። የሙሽራውን ሱፍ የሰፋሁትም ከአጃቢዎቹ ጋር የሄድኩትም እኔ ስለሆንኩ፣ ታሪኩን ከእኔ ስሙት።

አንሙት ሞተረኛ ነው። በቀይ ሞተሩ ከከተማው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው ያመላልሳል። ትርንጎ ደግሞ ነርስ ናት፤ ጤና ኬላ ሲያደርሳት፣ ሲመልሳት፣ ተዋደዱ። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ገረመው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሞተረኛ የሚባል ፍጡር በዓይናቸው አይዞርም። «ሞተረኛ መነሻውን እንጂ መቆሚያውን አያውቅም» ይላሉ። አንሙት ሽማግሌ ላከ፤ መለሱበት። ደግሞ ላከ፤ አሁንም መለሱበት። በመጨረሻ አያ መኳንንት ራሳቸው ሄዱ። አያ መኳንንት በሰፈሩ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጁ የሰከነ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አሏቸው።

አቶ ገረመው ብዙ አሰቡና «እንግዲያው በሠርጉ ቀን አየዋለሁ» አሉ። «ደጄ ላይ እንደ ሰው ቆሞ፣ ለምኖና ተለማምጦ፣ ጉልበት ስሞ ከገባ ልጄን ይወስዳል። እያጓራ ከመጣ ግን በመጣበት ይመለሳል። የደገስኩትንም እኔው እበላዋለሁ።»

ቀልድ የመሰለው ካለ አቶ ገረመውን አያውቃቸውም።

ዘመዶቹ ለሠርጉ መኪና ተከራይ ሲሉት አንሙት እምቢ አለ። «የምበላባትን ደብቄ በሰው መኪና አልሞሸርም» አላቸው። እኔም ይህን ሲል ወደድኩት። ነገር ግን ሞተሯ የገጠር መንገድ ያየችውን ሁሉ አይታለች፤ በተለይ ጎማዎቿ ለዓይን አይሞሉም። የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ ዝገት በልቶታል፤ ከመሐል ወደ ዳር የተወጠሩት ቀጫጭን ዘንጎች፣ ራጂዎቹ፣ ጭቃ ለብሰዋል። ስለዚህ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሚዜውን ይበልጣልን ጠራና በተከራየበት ግቢ ሥራ ጀመሩ።

ሁለቱንም ጎማ ፈቱ። ቸርኬውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ራጂዎቹን አንድ በአንድ አሹ፣ በቤንዚን አጠቡ። ፀረ ዝገት ቀብተው አደረቁ። ከዚያ አንሙት ጎማዎቹን በአከራዩ በእትዬ ደብሬ የልብስ ገመድ ላይ ሰቅሎ ወርቃማ ቀለም ነፋባቸው። እውነቱን ለመናገር እጁ ይባረክ፤ አንድም ቦታ ቀለሙ አልተንጠባጠበም፣ አልተጨማደደም። የእትዬ ደብሬ አንሶላ ጫፉ ወርቃማ መሆኑን አትቁጠሩት፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይቆጥሩታል።

እዚያ ላይ ቢያቆም ይህን ሁሉ ባላወራሁ። አላቆመም። ራቅ ብሎ ጎማውን አየና ዓይኑ አንዲት ነገር ላይ ዐረፈ። በፊት ጎማው ጎን ያለችው ክብ ብረት፣ ፍሬን ሲያዝ የምትነከሰዋ፣ በዚያ ሁሉ ወርቅ መሐል አመድ መስላ ቁጭ ብላለች።

«ይቺስ?» አለ።

«እሷንማ ተዋት» አለ ይበልጣል። «ፍሬኑ የሚይዛት ናት።»

«እያት እስቲ፣ ለምጽ አትመስልም?»

«ለምጽም ትሁን፣ የምታቆምህ እሷ ናት።»

«ቀለም ምን ያህል ነው? ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስይዝ ራሱ ይፋቃል» አለና ነፋባት። የኋላውን ፍሬን ማረፊያም ውስጡን ከውጩ ሳይለይ አለበሰው። እንዲያብረቀርቅ ደግሞ ከላይ ቫርኒሽ ደረበበት።

ቀለሙ ሲደርቅ ጎማዎቹን መልሰው ገጠሙ። ይበልጣል «በል እስቲ እስከ መናኸሪያ ነድተን እንሞክራት» አለው። አንሙት ሰይጣን እንዳየ ሰው ደነገጠ። «በዚህ የጥር አቧራ? ለሙሽራዬ ያሳመርኩትን?» ጎማዎቹን በፌስታል ጠቀለለና ሞተሯን መኝታ ቤቱ አስገባት። እስከ ሠርጉ ቀን ማንም አልነዳትም።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ሞተሯን እስከ አስፋልቱ ተሸክመው አደረሷት ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ግን ተሸክመው ነው። እዚያ ፌስታሉ ተፈታ። ፀሐይ ሲያርፍባት የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት። አንሙት እኔ የሰፋሁትን ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ቀስ እያለ፣ ሽማግሌ እንደሚራመደው ነዳ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፍሬን የሚያስይዝ ነገር አልገጠመውም። እኛ በባጃጅ ተከተልነው።

የአቶ ገረመው ቤት ከቁልቁለት ግርጌ ነው፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት። አንሙት ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ የአቶ ገረመውን ቃል አስታወሰና፣ እያጓራ እንዳይመጣ፣ ሞተሩን ጨርሶ አጠፋው። በዝምታ መውረድ ጀመረ። ከኋላ ስናየው በእውነት የሚያኮራ ነበር።

ከታች ልጃገረዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ዘግተዋል። «አናስገባም» እያሉ ይዘፍናሉ። በወጉ ሙሽራው መቆም፣ ሚዜዎቹም መለማመጥ አለባቸው። አቶ ገረመው ከበሩ ጀርባ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ አያ መኳንንት ከጎናቸው ናቸው።

አንሙት ፍሬን ያዘ። ሞተሯ አልሰማችም። የኋላውን ረገጠ። እሱም አልሰማም። ያ ሁሉ ቫርኒሽ ሳሙና ሆነበት፤ ሞተሯ እንዲያውም ፍጥነት ጨመረች።

«ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ልጆች፣ በሩን ልቀቁ!»

አሁን እስቲ ፍረዱ፤ በሠርግ ደጅ «በሩን ልቀቁ» ብሎ የማይጮኽ ማን አለ? ልጃገረዶቹ ወጉ ደመቀልን ብለው ሰንሰለታቸውን አጠበቁ፣ ዘፈኑንም ከፍ አደረጉት። እሱ «ኧረ በማርያም ልቀቁ!» ሲል እነሱ «አናስገባም!» ይሉታል። ልመናው ባሰ ቁጥር እነሱም ባሱ። አንዷ ፊቱን ያየችው ለጥቂት ነው፤ «ዋይ!» ብላ ስትዘል ሌሎቹ እንደ ጫጩት ተበተኑ። ሙሽራው በመሐላቸው ሽው ብሎ ገባ፣ አማቱንና ዋሱን አለፈ፣ የድንኳኑን ገመድ በጠሰ፣ ለላሚቱ የተከመረው ጭድ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የድንኳኑ እኩሌታ በተቀመጡት እንግዶች ላይ ተኛ።

እግዚአብሔር ይመስገን የተጎዳ የለም። አንሙት ከጭዱ ውስጥ ሲወጣ ሰው ሁሉ እጅ እግሩን ያያል፤ እኔ ሱፉን አየሁ። ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

አቶ ገረመው አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «አያ መኳንንት» አሉ፣ «ዋስ የሆኑት ለዚህ ነው? አልቆመም። ደጄንም፣ እኔንም፣ እርስዎንም አላየም። ልጄ ዛሬ ከቤቷ አትወጣም።»

አያ መኳንንት በዚያ ዕድሜያቸው አንገታቸውን ሲደፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንሙት ሊናገር ፈለገ፣ አፉን ጭድ ሞልቶታል።

ይኼኔ ትርንጎ ወጣች። ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም፤ እሷ ግን ቬሏን በእጇ ሰብስባ በቀጥታ ወደ ጭዱ ሄደች።

«ፍሬኑስ?» አለችው።

«ያዝኩት።»

«እና?»

«ቀብቼዋለሁ።»

«ፍሬን ይቀባል?»

«እንዲያምርልሽ ብዬ ነው» አለ፣ ጭዱን እየተፋ።

ትርንጎ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጃገረዶቹ ተከተሏት። አቶ ገረመው አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ክቧን ብረት በጣታቸው ዳበሱ። ለስላሳ ናት። ወደ ቁልቁለቱ ቀና ብለው አዩ።

«ድምፅህን አልሰማሁም» አሉት። «ሞተሩን አጥፍተህ ነው የወረድከው?»

«እንዳላጓራ ብዬ ነው አባባ። እያጓራ ከመጣ ይመለሳል ብለው የለ።»

እኔ እዚያች ላይ ልጁ አሳዘነኝ። አቶ ገረመው ጡረታ እስኪወጡ ብዙ ዓይነት ልጅ ያዩ ሰው ናቸው፤ ይህንኛው የቱ እንደሆነ ያወቁት ያኔ ይመስለኛል። መነጽራቸውን አወለቁ።

«በል ጉልበት ሳም» አሉት። እሱ በተቀደደው ሱፉ ተንበርክኮ ሳመ። «ትወስዳታለህ። ግን በእግርህ። ያቺ ነገር ልጄ አጠገብ እንዳትደርስ።»

እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ፤ ይበልጣል ሞተሯን እየገፋ ከሁሉም ኋላ ቀረ። ዳገቱ ወገብ ላይ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ገጠሙን። ሙሽራውን አዩ፣ ከኋላ የሚገፋውን ባለወርቃማ ጎማ ሞተር አዩ፣ ግራ ገባቸው።

«ምነው አያ መኳንንት፣ እንዲህ ያለች ሞተር እያለው ሙሽራው በእግሩ? ምን አግኝቶት ነው?»

አያ መኳንንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ቅድም የደፉት አንገት ቀና ብሏል። «ደኅና ነው እቴ፣ ምንም አላገኘውም» አሉ፤ «አምሮ ሊገባ፣ ፍሬኑን ቀባ።»