እንዝርቱ በር ላይ ሲሰካ

ጻፊ እንግዲህ የእህቴ ልጅ። ሙላት ልጄ ደጅ ጠጠሩን እየደረደረ ስለሆነ ትንሽ ፋታ አለኝ። እኔ እንደሆነ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ቶሎ ቶሎ ጻፊ።

ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የአያቴ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ የምታለቅስበት ጊዜ። ግራር አምባ በሚባል መንደር አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት። ያላት አንድ እንዝርት ነው። ሰው ቤት እየዞረች ትፈትላለች፣ የሰጧትን በልታ ትመለሳለች።

እዚያው መንደር ደብሬ የምትባል ሴት ነበረች። ቢያድግልኝ የሚባል ልጅ አላት፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል፤ አእምሮው ግን የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር በሬዎቹን ሲያጠጣ፣ ገለባ ሲሸከም ይውላል። ደግ ልጅ ነበር። አባትየው ሞተ። "እሱ ምን ይገባዋል፣ ለቅሶውን ይረብሻል" አሉና የቀብሩ ቀን ማዶ ዘመድ ቤት አስቀመጡት። ሲመለስ አባቱ የለም። ማንም ምንም አላለው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። እህል እምቢ አለ። መናገር ተወ። በሩን ይደበድባል፣ የመጣውን ይገፋል። ደብሬ ስምንት ወር ሙሉ ጎኗ መደብ አልነካም፤ እንደ ቆመች ታንቀላፋለች። ሽማግሌዎቹ መጡና "ቅዳሜ በሰንሰለት እናስረዋለን፣ አንቺም ሳትሞቺ" አሏት። እሺ አለች። ደክሟታላ! እስቲ ማን ይፈርድባታል?

አንጓች ይህን ሰማች። ረቡዕ መጣች። "ደብሬዬ፣ አንቺ ተኚ። እኔ እሱ ዘንድ እፈትላለሁ" አለች። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ክሯን በጠሰባት። ቀጠለችው። በጠሰው። ቀጠለችው። ደብሬ ትንሽ አሸለበች።

ሐሙስ መጣች። ገፍቶ ጣላት፣ ክንዷ ተላጠ። አንዱ ጎረቤት ባጥር ላይ ብቅ ብሎ "አንጓች፣ ዛሬ የተባዘተው ጥጡ ነው ወይስ አንቺ?" አላት።

"ሁለታችንም" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ቀን ልብ ብላ አየችው። በሩን የሚደበድበው በሬዎች ከመስክ በሚገቡበት ሰዓት ነው። ደብድቦ ይከፍትና የአባቱን ጅራፍ ይዞ መንገዱን ያያል።

አርብ መጣች። ጅራፉን ነካ አድርጋ "አባትህን ነው የምትጠብቀው?" አለችው።

"ዘገየ" አላት። በስምንት ወር የተናገረው ይህችኑ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሮጠች። "ለቅሶው ይደገም" አለች።

"ለቅሶ ተደግሞ ያውቃል? መዓት ልትጠሪብን ነው?" ብለው አባረሯት።

እሷ ግን የልጁን እጅ ይዛ ወደ አባቱ መቃብር ወሰደችው። "አባትህ ሞቷል። እዚህ ነው ያለው። አይመጣም" አለችው። ነገሩን አላሳመረችለትም። ሦስቴ ጠየቃት፣ ሦስቴ ነገረችው። ከዚያ ጮኸ። መንደሩ ሁሉ ሰማ። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራው አለቀሰች። መጀመሪያ ደብሬ መጣች። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች። በኋላ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

ቢያድግልኝ ቤት ገብቶ በላ፣ ተኛ። አንጓች ማንም እንዳያንኳኳ ምልክት ይሁን ብላ እንዝርቷን የደብሬ በር ስንጥቅ ላይ ሰካችና ደጃፉን ጠበቀች። ቅዳሜ በቀጠሮው ሰንሰለት ይዘው የመጡት ሰዎች እንዝርቱንና ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን አንጓችን አይተው ተመለሱ። ደብሬ እስከ ቀትር ተኛች።

ልጁ ዳነ አልልሽም። አንዳንድ ቀን አሁንም ወጥቶ መንገዱን ያይ ነበር። አንጓችም በየረቡዑ ትመጣ ነበር፣ እስክትሞት።

ዛሬም በዚያ አገር ሰው ሲሞት እንደ ቢያድግልኝ ላለው ሰው መጀመሪያ ይነገረዋል፤ ለቅሶ ላይም ከፊት ይቀመጣል። እናትየው ስትደክም ደግሞ ጎረቤት መጥቶ እንዝርት በሯ ላይ ይሰካና ልጇን ይዞላት ይውላል። ያንን ያየ አያንኳኳም፣ አይጣራም።

ይኸው ሙላት ተጣራ፣ ሰማሽው? በቃ ደብተሩን ዝጊው። እንዝርቷ መደርደሪያው ላይ ናት። በሩ ላይ ሰኪያትና ሂጂ፣ አብረሽው ጠጠር ደርድሪ። እኔ ጎኔን ላሳርፍ።