የወይራ አምባ አማቶች የሐሙስ ውሃ

ከቡልጋ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት፣ ቆላው ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ በሚታይበት ጠርዝ ላይ ወይራ አምባ የምትባል መንደር አለች። የወይራ አምባ ሰው በሌላው ነገር ከማንም አይለይም፤ ይጾማል፣ ይፈስካል፣ ድንበር ይገፋል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። በአንድ ነገር ግን ይለያል። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጉልባን ከመቅመሱ በፊት፣ አማት ከመሬት ቁጭ ብላ የምራቷን እግር ታጥባለች። ምራት የአማቷን አይደለም፤ ያማ የትም አለ። አማት ናት የምራቷን። ሰባት ምራት ያላት ወገቧን እያመማት ሰባቱንም ታጥባለች።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። የተማርኩ ባዩ ደግሞ «ከቄሶቹ ሥርዓት የተቀዳ ነው» ብሎ ያስረዳል። ያስረዳ። የአገሩ አሮጊቶች ግን ወጉን የጀመሩት እመት ወርቅያንጥፉ ናቸው ይላሉ፤ የአማትና የምራትን ነገር ከአሮጊት በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይናገር።

እንደሚነገረው እመት ወርቅያንጥፉ ሰባት ወንዶች ልጆች ወልደው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሰባቱንም ድረው በአንድ አጥር ውስጥ ያኖሩ ሴት ነበሩ። የሌላው ሰው ልጅ ሚስት ሲያገባ ጎጆ ቀልሶ ራቅ ይላል። የእሳቸው ልጆች ጎጆ ቢቀልሱም ለመኝታ ነው፤ ለመብልማ ሁሉም ትልቁ ቤት ይገባል። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ተቆጥሮ አርባ ሦስት ነፍስ ነበር ይባላል። በዘመን መለወጫ ሕፃናቱ አበባ ይዘው ሲሰለፉ ሰልፉ ከደጃፉ ተነስቶ በረቱ ጋ ይደርስ ነበር። ገና ሲሆን ከጎረቤት አንድ ሰው ሳይለምኑ እርስ በርሳቸው ለሁለት ተከፍለው ሩር ይለጋሉ፤ አሸናፊውም ተሸናፊውም የአንድ ቤት ልጅ ስለሆነ ስድቡ አያልቅም። ለጥምቀት ሰባቱ ምራቶች አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሰዉ ታቦቱን ትቶ እነሱን ያያል ተብሎ ቄሶቹ ይቆጡ ነበር አሉ። ለፋሲካ ደግሞ የትልቁ ቤት ወለል ጭድ ይጎዘጎዝበትና ሁሉም እዚያው ያድራል፤ ሕፃናቱ ከራሳቸው ያሰሩትን ቄጤማ ሳይፈቱ ከተገኘው ጉያ ይወድቃሉ፤ የማን ልጅ የማን እቅፍ ውስጥ እንዳደረ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ዛሬ የት አለ? ዛሬ አራት ሰው አራት ክፍል ቆልፎ ያድራል።

አዲስ ምራት ስትገባ ስም የምታወጣላት አማት ናት። ታናሹ ልጅ ደምሴ ያገባትን ልጅ እመት ወርቅያንጥፉ ባዩ ጊዜ «ብርዛፍ» አሏት። ከምራቶቹ ሁሉ እሷን ይወዱ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም እንጂ። የወደዱትን ሰው አብዝቶ መስደብ ልማዳቸው ስለነበር ብርዛፍም ከሁሉ የተጠላች ይመስላት ነበር። መወደዷ የታወቀው በጓዳው ቁልፍ ነው። ያን ቁልፍ እመት ወርቅያንጥፉ ከመቀነታቸው ፈትተው አያውቁም፤ አንድ ጊዜ በሁዳዴ መካከል ወገባቸው ተይዞ ሦስት ቀን በተኙ ጊዜ ግን ስድስቱን ታላላቆች አልፈው ለብርዛፍ ሰጧት።

መከራው የመጣው ከዚሁ ነው ይባላል። በዚያ ዓመት የጥምቀት ዕለት የልጅ ልጆች ሲራወጡ አሮጌውን የቅቤ ማሰሮ ሰበሩት። እመት ወርቅያንጥፉ ከገበያ አዲስ ማሰሮ አስገዙ። ሁዳዴ ከገባ በኋላ ቅቤ አይበላምና ለፋሲካ ይጠራቀማል፤ እሳቸውም ወገባቸውን ሳያማቸው በፊት የተጠራቀመውን በእጃቸው አንጥረው፣ በአዲሱ ማሰሮ እስከ አንገቱ ሞልተው፣ እንዳይሞቀው ብለው ጓዳ ካለው የስንዴ ጎታ ውስጥ ስንዴው መሐል ቀበሩት። ለሆሳዕና ዋዜማ ቅቤው ለፋሲካ ይበቃ እንደሆነ ሊያዩ ሲከፍቱት አራት ጣት ጎድሏል።

ሰባቱን ምራቶች ትልቁ ቤት አስጠሩ። «ማሰሮ እግር የለው፣ ተነስቶ አይሄድ» አሉ። «ቁልፉን ከወገቤ የፈታሁት ለአንዲት ሰው ነው።»

ብርዛፍ ደነገጠች። «እመይቴ፣ እግዜር ያውቃል፣ ክዳኑንም አልነካሁ።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ጎመን የበላ ፊት እንዲህ አይወዛም። እነዘነበች ከስተው እንጨት መስለዋል፤ አንቺ ብቻ ታበሪያለሽ!»

ዘነበች የበኩሩ ልጅ ሚስት ናት፤ አፏ አያርፍም። ነገሩን በሳቅ ለማብረድ ብላ «እኔን ለምስክርነት አይጥሩኝ እመይቴ፤ የከሳሁት በጾሙ ሳይሆን በልጅዎ ነው» አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሌብነት ቢባል ይሻል ነበር። ሌባ ይክሳል፣ ያልፍለታል። በሁዳዴ ቅቤ በላች የተባለች ሴት ግን ከእሷ አልፎ እናቷ ትሰደባለች፣ የአባቷ ደጅ ይሰደባል። ብርዛፍ በማግስቱ በሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ለመጣ የአገሯ ሰው ነግራ ለወንድሟ ላከች። ወንድሟ ሽፈራው ረቡዕ ወደ ማታ በቅሎ እየሳበ ደረሰ። የሰፈሩ ሽማግሎች ከአጥሩ ውጪ ይዘውት «ፋሲካን አሳልፈን እንታረቅ፤ በሕማማት ሽምግልና አይቀመጡም» ብለው ለመኑት።

«እህቴ ጾም ፈታች በተባለችበት ቤት አትፈስክም» አለ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዣት እሄዳለሁ። ከሄደችም አትመለስም።»

ያኔ ደምሴ፣ እናቱን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው ልጅ፣ «እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ» አለ።

«ሂድ» አሉት እናቱ። «በሩ አልተቆለፈም።»

እንዲህ አሉ እንጂ የገባቸው ነገር ነበር። ከደምሴ በላይ ያሉት ሁለቱ ወንድሞች በረቱ ጋ ቆመው ሲንሾካሾኩ አይተዋል። ታናሹ ከወጣ እነሱ ይከተላሉ፤ እነሱ ከተከተሉ የዚያ ሁሉ ዘመን ቤት በአንድ ፋሲካ ይበተናል።

ሐሙስ ጧት እመት ወርቅያንጥፉ ለጉልባን የሚሆን ስንዴ ከጎታው ሊያወጡ ብቻቸውን ጓዳ ገቡ። ጉልባን በጸሎተ ሐሙስ ባቄላና ስንዴ ተቀቅሎ በጨው የሚበላ ነው፤ ቅቤ በአጠገቡ አያልፍም። ስንዴውን ገበቴ ላይ አድርገው ውሃ ሲያፈሱበት ውሃው ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ተንሳፈፈ። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ቅቤ ነው። እጃቸውን ጎታው ውስጥ እስከ ክንዳቸው ሰደዱ፤ ማሰሮውን የከበበው ስንዴ ሁሉ ርሷል፤ ማሰሮውን ሲያወጡት ሆዱ ጠቁሮ ያልበዋል።

አዲሱን ማሰሮ አላሟሹትም ነበር። አዲስ ሸክላ በተልባና በጎመን ዘር ካልተሟሸ የጨመሩበትን ይጠጣል፤ ይህን ለሰባት ምራቶች ያስተማሩት፣ ሳታሟሽ የተገኘችውንም «እናትሽ ምን አስተምራ ነው የላከችሽ» ብለው የሚሰድቡት እሳቸው ናቸው። ቅቤውን የበላው ማሰሮው ነው። ማሰሮውን ያበሉት እሳቸው ናቸው።

ይህን ሲያዩ ያያቸው ሰው አልነበረም። እንደሚባለው መጀመሪያ ያደረጉት ውሃውን ከጓሮ መድፋት፣ ጎታውን መክደን፣ እጃቸውን በአመድ መታጠብ ነው። እውነቱን መናገር ይሻላልና ይኸው ተነገረ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተሰቡ ፊት ፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

በቤተ ክርስቲያን አለቃው ውሃ ቀርቦላቸው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው፣ ጎንበስ ብለው የሰዉን እግር ሲያጥቡ እመት ወርቅያንጥፉ ቆመው አዩ። በየዓመቱ የሚያዩት ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ነበር ያዩት፤ አመዱ ቅቤውን አላስለቀቀውም። ቅዳሴው ሲያልቅ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ሰንበትን ጥግ ይዘው «አባ፣ ሰውን በሐሰት የወነጀለ እንዴት ይታረቃል?» አሏቸው።

«ጥፋቱን ተናግሮ፣ ይቅር ተባብሎ፣ ተሳስሞ ነዋ።»

«ዛሬ ይሆናል?»

«ዛሬማ ሕማማት ነው፤ መሳሳም የለም። የትንሣኤ ዕለት ይሳማል።»

«የትንሣኤ ዕለትማ ልጅቱ ከሦስት ወንዝ ማዶ ናት።»

«እንግዲህ ወርቅያንጥፉ» አሉ አባ፣ «ከሆሳዕና በፊት አፍን መሰብሰብ ነበር።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን እመት ወርቅያንጥፉ ለአባ መልሱን ባልነፈጓቸው። የዚያን ዕለት ግን ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

ሲደርሱ በቅሎዋ ተጭናለች። ብርዛፍ ጓዟን ይዛ ከደጅ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ደምሴም ጋቢውን ደርቦ ከጎኗ ቆሟል። ቤተሰቡ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል። እመት ወርቅያንጥፉ ማንንም ሳያዩ «ዘነበች፣ ገበቴና ውሃ አምጪ» አሉ።

ሽፈራው እንግዳ ነውና ለእሱ መሰለው። «እግሬን አልታጠብም» አለ። «በዚህ ቤት ውሃም አልቀምስ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት። ገበቴው ሲመጣ ከብርዛፍ ፊት ከመሬት ቁጭ አሉ። ሴትየዋ ከባላቸው ቀብር ወዲህ ከመሬት ተቀምጠው አያውቁም ይባላል። «እግርሽን አምጪ።»

«ኧረ እመይቴ! በማርያም ይነሱ! እኔ ላጥብዎ እንጂ...»

«አምጪ አልኩሽ! ልሳምሽ እንዳልል ሕማማት ነው።»

ቀኝ እግሯን ራሳቸው ስበው ገበቴው ውስጥ አገቡት። ውሃ እያፈሰሱ፣ ተረከዟን እያሹ፣ ቀና ሳይሉ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ፦ «ቅቤውን የጠጣው ማሰሮው ነው። ማሰሮውን ሳላሟሽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጧት አይቼ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ክዳኑን አልነካችም።»

ሽፈራው «በቃ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ስምሽ ነጽቷል። ተነሽ እንሂድ» አላት።

እመት ወርቅያንጥፉ እጃቸው ውሃው ውስጥ ቀረ። ሂጂ ሊሉ አልፈለጉም፤ አትሂጂ ለማለት ደግሞ አፋቸው አልለመደም። ብርዛፍ አጎንብሰው የተቀመጡትን ሴትዮ፣ የሸበተውን ሹሩባቸውን ቁልቁል እያየች ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ እግሯን ቀይራ ቆመች ይላሉ የሚያወሩት፤ ማን እንደቆጠረ እንጃ። በመጨረሻ ለወንድሟ ሳይሆን ለአማቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንድ እግሬ ቀርቷል» አለች።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም በየፊናው ይተርከዋል። ገሚሱ እመት ወርቅያንጥፉ አለቀሱ ይላል፤ የሚያውቋቸው ግን አላለቀሱም፣ «እግርሽስ ምነው እንዲህ ተሰነጣጠቀ» ብለው ተሳደቡ ይላሉ፤ ይህኛው ይታመናል። ዘነበች ጫማዋን አውልቃ ከብርዛፍ አጠገብ ተቀመጠችና «እመይቴ፣ እኔን ሃያ ዓመት የሰደቡኝስ በምን ይታጠባል?» አለች፤ ያኔ ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ ሽፈራውም ሳቀ። እሷንም አጠቧት፤ የቀሩትንም አምስቱን። ሽፈራው የበቅሎዋን ጭነት አውርዶ ፋሲካን እዚያው ፈሰከ። የዚያን ዕለት ጉልባኑ ስንዴ አልነበረበትም፤ ባቄላ ብቻ በሉ። ስለ ብርዛፍ ፊት መውዛት ደግሞ በጥቅምት፣ አርባ አራተኛው ነፍስ እየጮኸ ሲወለድ ሁሉም ገባው።

ትልቁ ቤት ዛሬ የለም፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም በየከተማው ተበትነዋል። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ግን የቻለ ወደ ወይራ አምባ ይመጣል፤ ያልቻለም ባለበት ያደርገዋል። ገበቴው ቀርቶ የፕላስቲክ ሳፋ ሆኗል፤ ውሃውም ለብ ይላል፤ ምራቶቹም ጥፍራቸውን ቀይ ተቀብተው እግራቸውን ይዘረጋሉ። አማት ግን ዛሬም ከመሬት ትቀመጣለች። ቀኝ እግር ታጥብና እጇን ከውሃው ሳታወጣ፣ ቀና ሳትል ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ያለው የምራቲቱ ነው። «አንድ እግሬ ቀርቷል» እስክትል ድረስ አማት ሌላውን አትነካም፣ ከመሬትም አትነሳም። አንዳንዷ ምራት ወዲያው ትላለች። አንዳንዷ የዓመቱን ነገር ሁሉ እያሰበች ዝም ትላለች፤ ቤቱም አብሮ ዝም ይላል፤ ጉልባኑ ይቀዘቅዛል። ሳትለው የቀረች ምራት እስከ ዛሬ አልተሰማችም። አንዲት ብቻ፣ ስሟ አይጠራም፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አስጠብቃለች ይባላል፤ አማቷም እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ጠብቃለች።