ድምፅ ልትመርጥ ገበያ የወጣችው ሴት

አንድ ዓይነ ስውር ቅርጫት ሠሪ ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር ከወንዝ ማዶ ይኖር ነበር። እሷ ቀርከሃውን እየሰነጠቀች ታቀብለዋለች፣ እሱ ይጎነጉናል። ሥራውን በጣቶቹ፣ ሚስቱን በድምፅዋ ነበር የሚያውቃት። በሥራ መሃል ድንገት «ትርንጎ» ይላል። «ወዬ» ትለዋለች፣ መጨረሻውን ከፍ አድርጋ። የሚፈልገው ነገር ኖሮ አይደለም፤ መኖሯን ለማወቅ ያህል ነው። ጎረቤቶቻቸው «የእነዚህ ቤት ዛሬም ሲጠራራ ዋለ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አንድ ቀን ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ጉሮሮዋ እየወጋት ቀርከሃ ስትሰነጥቅ ዋለች። ባሏ እንደ ልማዱ ይጠራታል፣ ትመልሳለች፤ ደግሞ ይጠራታል። በመጨረሻ ታከታትና «እባክህ ተወኝ» አለችው። በማግስቱ ስትነቃ ድምፅዋ የለም። ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ለቀቃት፣ ድምፅዋ ግን ሄዶ ቀረ። መድኃኒት አዋቂው ጉሮሮዋን ዳብሶ «ከእንግዲህ አይመለስም» አለ።

እንግዲህ አስቡት፤ እሱ አያይ፣ እሷ አትናገር። ሲጠራት ታጨበጭብለታለች። ጭብጨባ «አለሁ» ይላል እንጂ ደስ ይበላት ይክፋት አይናገርም። በዚያ ቤት የተሰማው የመጨረሻ ቃሏ «ተወኝ» ነበር፤ ሰውየው ይህንኑ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። እጁን ስትይዘው አዝናልኝ ነው ይላል። ምግብ ስታቀርብለት ይሉኝታ ይዟት ነው ይላል። አንዲት ጎረቤት «ኧረ ሚስትህ ትወድሃለች» ብትለው «ከራሷ አፍ ካልሰማሁ ምን ዋጋ አለው» አላት። ውሎ አድሮ ትርንጎ ጥርስ ነክሳብኛለች ብሎ አመነና መጥራቱን ተወው። ትርንጎም በእርግጥ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትኖረው፤ በእሱ ላይ ግን አልነበረም።

ይህን ጊዜ ነው የሰውየው ታላቅ ወንድም ከሩቅ አገር የመጣው። የቤቱን ዝምታ አይቶ «ናና ከእኔ ጋር ኑር፤ አንተም ታርፋለህ፣ እሷም ታርፋለች» አለው። ቅርጫት ሠሪው ብዙ አላመነታም። «የፊታችን ገበያ ይለፍና በማግስቱ እንነሳለን» አለ። ትርንጎ ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰማች። ሮጣ ደረቱ ላይ ተደፋች፣ ራሷን እየነቀነቀች አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ስንብት መስሎት ነበር።

በገበያው ቀን ትርንጎ ቅርጫቶቿን ተሸክማ ወጣች፤ ልቧ ግን ከቅርጫቱ ላይ አልነበረም። እንዴት ብላ እንደምታስቀረው እያሰበች ሰው ሲገፋት እንኳ አይታወቃትም። ድንገት ከአንጥረኛው ዳስ አንድ ድምፅ ሰማችና ቆመች። ሽማግሌው አንጥረኛ ትንሽ የብረት ነገር አፉ ላይ ይዞ በጣቱ ይመታል። ብረቷም «ደህና ዋላችሁ» ትላለች። ሰዉ እየሳቀ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላታል።

የአፍ ክራር ነበረች። ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ፣ በመሃሏ ስስ የብረት ምላስ ያላት ናት። ከፈት ያሉ ጥርሶች ላይ ያስደግፏትና ምላሷን በጣት ይመቷታል። ለብቻዋ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላት፤ ድምፅዋን የሚለዋውጥላት የሚጫወታት ሰው አፍ ነው። ትርንጎ ይህን ስታይ ሰዉን ገፍታ ወደ ዳሱ ገባች። ጉሮሮዋን አሳየች፣ ብረቷን አመለከተች። አንጥረኛው ድምፅዋን ማጣቷን ሰምቶ ስለነበር ቶሎ ገባው።

የሠራቸውን አወጣና እያንዳንዷን እየተጫወተ አሰማት። አንዲቱ ወፍራም ምላስ ነበራት፤ ስትመታ ገበያተኛው ሁሉ ዞር አለ። ትርንጎ ይህችኛዋን ቀማ አደረገቻት። «ልጄ፣ መጀመሪያ በራስሽ አፍ ሞክሪያት እንጂ» አላት አንጥረኛው። የት ሰምታው፤ ሌላ ሰው ይወስድብኛል ብላ ፈርታ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ቅርጫቷን ጥላለት ወደ ወንዙ ገሰገሰች።

ወንዙ ዳር ተቀምጣ አፏ ላይ ያዘቻትና መታቻት። ብረቱ ጥርሷን ሸረፈው። ደግማ ብትሞክር ከንፈሯ ደማ፤ ድምፅ የሚባል ግን አልወጣም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። የነገው ጉዞ ትዝ አላት። ደሟን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተመለሰች፣ ብረቷንም አንጥረኛው እግር ስር ወረወረችለት።

ሽማግሌው አልተቆጣም። «አንቺ እኮ የመረጥሽው የእኔን አፍ ነው» አላት። «አፌን ደግሞ አልሸጥም።»

ከዚያ አስቀምጦ ሁሉንም በራሷ አፍ አስሞከራት። በእሱ አፍ ሲያገሱ የነበሩት በእሷ አፍ ዲዳ ሆኑ። ከዳር ተጥላ የነበረች አንዲት ሲያዩዋት የማታምር፣ ስስ ምላስ ያላት ብረት ግን ገንቦ ውስጥ እንደገባች ንብ እዝዝ አለች። ትርንጎ ቅር አላት። ይህቺን ማን ይሰማታል በሚል ትከሻዋን ሰበቀች።

«ስንት ሰው እንዲሰማሽ ነው የፈለግሽው?» አላት።

አንድ ጣቷን አነሳች።

«ከአንቺ ምን ያህል ይርቃል?»

ትርንጎ ከእሷ እስከ ባሏ የሥራ ምንጣፍ ያለውን ርቀት አሰበችና እጇን ዘረጋ አደረገች።

«እንግዲያማ ትበቃሻለች። ብቻ ጥርስሽን አትንከሺ። የነከስሽ እንደሆነ ምላሷ ይታነቃል።»

ለማለት የቀለለው ለመሥራት ከበዳት። ወደ ቤቷ ስትሄድ የምትናገረውን ሁሉ በሐሳቧ ደረደረች፤ አትሂድ፣ የዚያን ቀን አሞኝ ነው፣ ቃሉ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፣ እንደ ድሮው ጥራኝ። ይህ ሁሉ ግን ከብረቷ ሲወጣ አንድ ዓይነት እዝዝታ ሆነ። በተረበሸች ቁጥር መንጋጋዋ ይጠብቃል፣ መንጋጋዋ በጠበቀ ቁጥር ብረቷ ዝም ትላለች።

ነጋ። የወንድምየው በቅሎ ተጫነች። ትርንጎ ግቢው መሃል ቆማ ብረቷን አፏ ላይ ይዛ መታገል ጀመረች።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለ ቅርጫት ሠሪው።

«ሚስትህ ናት። ብረት ነክሳ ትታገላለች፤ ምን እንደሆነች እንጃ» አለው ወንድሙ። «በል እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይከርርብን።»

ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ። በወንድሙ ክንድ እየተመራ እስከ አጥሩ በር ሄደ። ትርንጎ ዓይኗ እያየ ነገሩ ሁሉ አበቃ ብላ፣ ብረቷን አፏ ላይ እንደያዘች መምታቷን ተወች። እሱ በሩ ላይ ሲደርስ ወገቡን ዳበሰ፤ የቀርከሃ ቢላዋው የለም። ሳያስበው፣ እንደ ድሮው አፉ ላይ መጣለት፣

«ትርንጎ» አለ።

እሷም አላሰበችም። አንድ ጊዜ እንኳ አጥንታው የማታውቀው ቃል ነበር። ጥርሷ ለቀቀ፣ አፏ ለዓመታት የለመደውን ቅርጽ ያዘ፣ ጣቷ ብረቷን ነካ።

«ወዬ» አለች ብረቷ።

ሰውየው ባለበት ደረቀ። «ትርንጎ» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ።

«ወዬ።»

መጨረሻውን ከፍ የሚያደርገው ያው የራሷ አባባል ነበር። ቅርጫት ሠሪው እንባው እየወረደ «ወንድሜ፣ በቅሎዋን አራግፋት» አለ።

«ምን አለችህ?»

«ወዬ አለችኝ።»

«ለዚህ ነው የምትቀረው?»

«የተቀየመች ሴት ‹ምን አልክ› ትላለች እንጂ ‹ወዬ› አትልም» አለው።

ብዙዎቻችን ከምንወደው ሰው ጋር ለመታረቅ ስንነሳ፣ ሌላ ሰው ሲናገረው ያማረብንን ትልቅ ንግግር ፍለጋ ገበያ እንወጣለን። እሱን ስንለማመድ ጥርሳችንን ይሸርፈናል። በአጠገባችን ያለው ሰው ግን የሚጠብቀው የራሳችንን ድምፅ ነው፤ ያውም ስንጠራ የምንመልሳትን ያችን አጭር መልስ።

ትርንጎስ ዕድለኛ ናት፤ ባሏ በሩ ላይ ሲደርስ ቢላዋው ትዝ አለው። እርስዎ ነገ ጠዋት ድምፅዎ ጠፍቶ ቢነቁ፣ ቤትዎ ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ቃልዎ የትኛው ይሆን?