እመት ኤሊና ባሏ አያ ጉርጥ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይክፈት! እመት ኤሊ የምትባል ጭምት ሴት ለአያ ጉርጥ ተዳረች። ባሏ ይወዳታል፤ ችግሩ ግን ካጠገቧ መለየት አያውቅም። ስትበላ አፏ ላይ ያፈጣል፤ ስትተኛ ጆሮዋ ሥር ያንጎራጉራል። ሲሰለቻት አንገቷን ሰብስባ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ቀን ጉርጥ አኮረፈ። «ከተጋባን ወዲያ ያንቺ ብቻ የሚባል ቤት አለ እንዴ? እኔም ልግባ!»

«ኧረ ይሄ ቤት አይደለም፤ ገላዬ ነው» አለችው።

አልሰማትም፤ ሽማግሌ ጠራ። ትዳር በደጁ አልፎ የማያውቀው አያ በሬ ነገሩን ሲያመነዥክ ቆየና፣ «ባልና ሚስት አንድ ናቸው፤ ይግባ» ብሎ ፈረደ። እመት ኤሊ እንባዋ መጣ።

ጉርጥ በአንገቷ ጎን በጭንቅላቱ ገባ፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። እመት ኤሊ ምን ታድርግ? የባሏ እግሮች ጉንጯ ሥር እየተወዛወዙ ገበያ ወጣች። «ባለቤትሽ ደህና ናቸው?» ሲሏት «ቤት ናቸው» ትላለች።

ወዲያው አማቷ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። «ልጄ የድንጋይ ቤት ገባ ሲሉ ሰማሁ። ለእኔስ መቼም አንድ ጥግ አይጠፋም!»

«እማዬ ተይ! እኔም ትንፋሽ አጥሮኛል!» ብሎ ጉርጥ ከውስጥ ጮኸ። በድንጋጤ ሲንፈራገጥ ተፈናጥሮ ወጣና እናቱ ጭን ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱን ማናገር ሲያምረው ፈንጠር ብሎ ይቆምና «ቤቶች!» ይላል። ደስ ካላት ብቅ ትላለች። ካላሰኛት ግን «የሉም!» ትለዋለች፤ እሱም «በሉ እሺ፣ ሲመጡ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል።